የካምፐሬ የጋዝ ጎማ ተሰነጣጥቋል፤ ልሂድበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው መስከረም ጡረታ ከወጡ ባልና ሚስት የ2012 ሞዴል ተጎታች ካምፐር (በመኪና የሚጎተት የጉዞ ቤት) ገዛሁ። ርዝመቱ 24 ጫማ ሲሆን ከፊቱ ሁለት ባለ 30 ፓውንድ የፕሮፔን ሲሊንደር አለው። ብርዱ እስኪያልፍ በሸራ ተሸፍኖ ቆመ። ባለፈው ሳምንት ሸራውን ገፍፌ ሳይ፣ ከሲሊንደሮቹ ወደ ሬጉሌተሩ (ግፊት መቀነሻው) የሚሄዱት ሁለት ጥቁር ጎማዎች እጥፋታቸው ላይ እንደ ደረቀ ማሳ ተሰነጣጥቀዋል። ምድጃውን ስለኩሰው እሳቱ ኩራዝ ያክላል። አንዳንዴ ጋዝ ጋዝ ይሸተኛል፤ ባለቤቴ ግን ምንም አይሸተኝም ትላለች። አልጋው እግር ሥር፣ ግድግዳው ላይ፣ ሁለት ሽቦዎች ተቆርጠው በናስትሮ ተጠቅልለዋል፤ የምን እንደነበሩ አላውቅም። በሐምሌ መጀመሪያ ልጆቹን ይዘን ኒው ጀርዚ፣ ኬፕ ሜይ ባሕር ዳር ልንወርድ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ጎማውን በናስትሮ ጠቅልለህ በላይተር ሞክረው፤ ካልነደደ አይፈስም ማለት ነው» አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ ላይተሩን ከጓደኛህ እጅ ተቀበለው። ከዚያ ውጣና ሁለቱንም ሲሊንደር ዝጋ። የቀረውን ተመልሰህ ታነበዋለህ።

ዘጋህ? ጥሩ።

ናስትሮ ያለህን ሰው አልፈርድበትም። እኔም ሶማሌ ተራ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ በናስትሮና በሽቦ የማይጠገን ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ቨርጂኒያ መጥቼ ካምፐር የሚጠግን ጋራዥ ውስጥ 17 ዓመት ስሠራ ለደንበኛ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ለራሴ ግን ሠራሁ። አንድ የጥቅምት ዓርብ ቤተሰቡን ይዤ ወደ ሸናንዶዋ ልወጣ ስል የግራው ጎማ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አየሁ። ዕቃ የሚሸጠው ሱቅ ተዘግቷል፤ ልጆቹ መኪና ውስጥ ገብተው እየጮሁ ነው። ሦስት ዙር ጠቀለልኩና «ሰኞ እቀይረዋለሁ» ብዬ ነዳሁ። ቢግ ሜዶውስ ደርሰን ሰፈርን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሞቂያው ጠፋ። ባትሪ ይዤ ስወጣ ናስትሮው ላይ ነጭ በረዶ እንደ ፍሪዘር ግድግዳ ተጋግሯል። ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ ሲያመልጥ እየሰፋ ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበትም እዚያው ያረጋዋል። ሽታው? ጉንፋን ይዞኝ ምንም አልሸተተኝም። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ናት በበሩ ብቅ ብላ «አባዬ፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል» ያለችኝ። ሲሊንደሩን ዘግቼ፣ ሁሉንም ቀስቅሼ፣ ፒካፑ ውስጥ ተደራርበን አነጋን። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ናስትሮ ስታይ ቀና ብላ እኔን ታያለች።

ስለዚህ ያንተና የባለቤትህ አፍንጫ ባይስማሙ አይግረምህ። ፕሮፔን በራሱ ሽታ የለውም። እንቁላል እንቁላል የሚለው መርካፕታን የሚባል ነገር ነው፤ ሰው እንዲጠነቀቅ ሆን ተብሎ ይጨመርበታል። አፍንጫ ደግሞ ይለምዳል፣ ይታፈናል፣ ያረጃል። ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ሽታው ስለሚጠነክር አንዳንዴ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ቢሆንም ከሁለት ሰው ለአንዱ ከሸተተው ፈሷል ብለህ ጀምር።

አሁን ወደ ጎማው። ብዙ ያገሬ ልጆች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሀገር ቤት የለመድነውን የጋዝ ምድጃ አስታውስ። ሬጉሌተሩ ሲሊንደሩ አናት ላይ ይቀመጣል፤ ጎማው ከሬጉሌተሩ ወጥቶ በፋሼታ ታስሮ ምድጃው ጋ ይደርሳል። ያ ጎማ የሚያየው ግፊት ትንሽ ነው። ስለዚህ ጎማ ሲሰነጠቅ ጫፉን ቆርጠን፣ እንደገና ሰክተን፣ ፋሼታውን አጥብቀን ኖረናል። ካምፐር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሬጉሌተሩ ሁለቱ ሲሊንደሮች መሐል ነው፤ ያንተ ሁለት ጥቁር ጎማዎች ከሬጉሌተሩ በፊት ናቸው። የሲሊንደሩን ሙሉ ግፊት የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ሞቅ ባለ ቀን ከ100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያልፋል፤ በሐምሌ ፀሐይ ሲሊንደሩ ሲግል 170ም ሊደርስ ይችላል። ከሬጉሌተሩ በኋላ የሚቀረው ግን ግማሽ ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም። እኛ የምንለካው በውኃ ነው፤ ምድጃህ የሚፈልገው ግፊት በቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለን ውኃ 11 ኢንች ከፍ የሚያደርግ ነው። አንድ ስንዝር ከምናምን ማለት ነው። ወጥ የሚሠራልህ ይቺ ናት። የተሰነጠቀው ጎማህ ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል።

ለዚህ ነው የውኃ ጎማ፣ የመኪና የነዳጅ ጎማ፣ ፋሼታ፣ ናስትሮ እዚያ ቦታ ላይ ዝር እንዳይሉ የምለው። የሚገባው ለፕሮፔን የተሠራ፣ ሁለቱም ጫፉ በፋብሪካ የተጨመቀ፣ ላዩ ላይ 350 ፒኤስአይ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ነው።

ያንተን ላየው አያስፈልገኝም፤ ሁለቱንም ቀይር። አንዱ ብቻ ነው የተሰነጠቀው ብትለኝም ሁለቱንም ቀይር እልህ ነበር፤ አብረው የተወለዱ፣ አብረው ፀሐይ የመታቸው ናቸው። የሁለቱ ዋጋ የቤተሰብ አንድ የቅዳሜ ምሳ አይሆንም። ለወደፊቱ ግን እንዴት እንደሚታይ ላሳይህ። ሲሊንደሩን ዝጋ፣ ጎማውን ፍታ፣ ቀን ብርሃን ላይ ይዘኸው ውጣ። በሁለት እጅህ ያዝና አውራ ጣትህ ላይ ቀስ አድርገህ እጠፈው። ቀጥ ብሎ ሲተኛ ደህና የመሰለ ጎማ ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል። አብዛኛው የሚሰነጠቀው መሐሉ ላይ ሳይሆን ብረቱ ከጎማው ጋር የተጨመቀበት ቦታ፣ ከብረቱ ወዲህ ሁለት ጣት ያህል ላይ ነው፤ ካምፐሩ መንገድ ላይ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ። ስንጥቁ ውስጥ የክር ጥልፍ ከታየህ ነገሩ አልቋል። ያበጠ፣ እንደ ማስቲካ የለሰለሰ፣ የሲሊንደሩ መያዣ ብረት የፈተገው፣ አይጥ የቀመሰው፣ ሁሉም ቆሻሻ መጣያ ነው የሚገባው። «ላይ ላዩን ብቻ ነው የተሰነጠቀው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ውስጡን ለማየት ቀድጄ መሞከር አልፈልግም።

ሲገጠም ሁለቱ ጫፎች ጠባያቸው ለየቅል ነው። በሲሊንደሩ በኩል ያለው ትልቁ የፕላስቲክ ዳዶ ወደ ቀኝ በእጅ ብቻ ይጠበቃል። እንግሊዝ ቁልፍ አታስጠጋው፤ እሳት ከደረሰው ቀልጦ ጋዙን እንዲዘጋ ተብሎ የተሠራ ነገር ስለሆነ ፒንሳ ሲነክሰው ይበላሻል። ከመግጠምህ በፊት የሲሊንደሩን አፍ በባትሪ እየው፤ ውስጡ ጎሚኒ አለ። ከተሰነጠቀ ወይም ቆሻሻ ከያዘ አዲስ ጎማ ብትገዛም መፍሰሱ አይቀርም። በሬጉሌተሩ በኩል ያለው የናስ ጫፍ ግን ቁልፍ ይፈልጋል፤ በአንድ ቁልፍ ሬጉሌተሩን ደግፈህ በሌላው አጥብቅ። ቴፍሎን አትጠቅልልበት። እዚያ ጋ ጋዙን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን ናስ በናስ ላይ መቀመጡ ነው፤ ቴፍሎን መሐል ገብቶ እንዳይቀመጥ ያደርገዋል። የቧንቧ ሥራ የለመደ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እጁ ሳያስበው ቴፍሎኑን ያነሳል።

እግረ መንገድህን ሬጉሌተሩንም እየው። መተንፈሻ ቀዳዳው ወደ መሬት መዞር አለበት፤ ወደ ላይ ከዞረ ዝናብ ይገባበታል፣ ውኃው ሲረጋም ይደፈናል። የ2012 ካምፐር ከሆነና ሬጉሌተሩ አብሮት ከመጣ፣ እኔ ብሆን ከጎማዎቹ ጋር እቀይረዋለሁ።

አሁን ሙከራው። የሰሃን ሳሙና በውኃ በጥብጥ፤ አሞኒያ ወይም በረኪና ያለበት እንዳይሆን፣ ናሱን ይበላዋል። ምድጃው፣ ማሞቂያው፣ ፍሪጁ፣ የውኃ ማሞቂያው ሁሉ ጠፍተው ሲሊንደሩን ቀስ ብለህ ክፈት። የቀለም ብሩሽ እየነከርክ መጋጠሚያውን ሁሉ ቀባ፦ የሲሊንደሩን አንገት፣ ዳዶውን፣ ጎማው ብረት ውስጥ የሚገባበትን፣ ሬጉሌተሩን ዙሪያውን። ከዚያ አትቸኩል። ትልቅ ፍሳሽ ወዲያው ይፈላል። ትንሹ ግን እንደ ዓሣ ዕንቁላል ያለች ነጭ ጉብታ ሆኖ ቀስ ብሎ ያብጣል፤ ዞር ብለህ ቡና ብትጠጣ ያመልጥሃል። ስትጨርስ በውኃ እጠበው። ክብሪትና ላይተር የሚያሳዩህ ፍሳሽ መኖሩን ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ቅንድብህን ወስደው ነው የሚነግሩህ።

ሳሙና የማይደርስበት ቦታም አለ። ከወለሉ ሥር የሚሄደው ጥቁር ቧንቧና ከሱ የሚቀጠለው መዳብ ይቀራል። ካምፐርህ ወደ ጎን የሚወጣ ክፍል ካለውና ምድጃው እዚያ ላይ ከሆነ፣ ክፍሉ በወጣና በገባ ቁጥር የሚታጠፍ ሌላ ጎማ ከሥር ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብሎ የሚያየው ሰው አይቼ አላውቅም። እሱን አይተህ ሲያበቃ በዓመት አንዴ ባለሙያ ጋ ውሰደው። ግፊቱን 8 ኢንች ላይ አቁሞ 3 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ውኃው ንቅንቅ ካላለ ሲስተምህ አያፈስም። ከወረደ ግን የሚፈሰውን ቦታ ሳያገኝ መልሶ እንዳይሰጥህ።

እሳቱ ኩራዝ ያክላል ላልከው። ምናልባት ምንም አልተበላሸም፤ ሲሊንደሩን በአንዴ በርግደህ ከፍተኸው ይሆናል። መጋጠሚያው ውስጥ ጋዝ ከልክ በላይ ሲሮጥ መንገዱን የሚዘጋ ነገር አለ፤ በድንገት ስትከፍት ጎማ ተቆርጦ የፈሰሰ ይመስለውና ይቆልፋል፣ ትንሽ ብቻ ያሳልፋል። ሰዉ ሬጉሌተሩ ሞቷል ብሎ አዲስ ይገዛል። ሁሉንም ዝጋ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ሲሊንደሩን እንደ ሽማግሌ ቀስ እያልክ ክፈት፤ ምድጃውን በመጨረሻ ለኩስ። ጎማ ቀይረህ፣ ቀስ ብለህ ከፍተህም እሳቱ ካልተነሳ፣ ወይ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ወይ ሸረሪት ማቃጠያው ውስጥ ቤት ሠርታለች። ብርዱን ሙሉ በቆመ ካምፐር ሸረሪቷን አትናቃት።

ሁለቱ የተቆረጡ ሽቦዎች ናቸው ከጎማው በላይ ያሳሰቡኝ። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብለው ከሆነ ያሉት፣ የጋዝ ማንቂያው የነበረበት ቦታ ነው ብዬ እገምታለሁ። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ሲፈስ ወለል ለወለል ነው የሚተኛው፤ ማንቂያውም ለዚህ እታች ይገጠማል። የካምፐሩ ባትሪ ሲደክም ይጮኻል፣ ዕድሜው ሲያልቅም ይጮኻል፤ ብዙ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ይነቅለዋል። ጎማውን ከመግዛትህ በፊት እሱን ግዛ። ብዙዎቹ የሚያገለግሉት 5 ዓመት ያህል ነው፤ ቀኑ ከጀርባው ተጽፏል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም አብሮ ያለበት አለ። ከጮኸ መብራት አታብራ፣ አታጥፋም፤ ሰዉን ይዘህ ውጣ፣ በሩን ክፍት ተወው፣ ሲሊንደሩን ከውጭ ዝጋ።

ሲሊንደሮቹም ራሳቸው የ2012 ከሆኑ ጊዜያቸው አልፏል። አንገታቸው ላይ ያለውን ቀለበት እይ፤ ወሩና ዓመቱ ብረቱ ላይ ተመትቷል። ከተሠራ 12 ዓመት ያለፈው ሲሊንደር ሳይመረመር አይሞላም፤ በዓይን ተመርምሮ ካለፈ አዲስ ቀን ይመታበትና 5 ዓመት ይሰጠዋል። በየሱቁ ደጅ ሽቦ ሳጥን ውስጥ ተቆልፈው የሚለዋወጡት በአብዛኛው ባለ 20 ፓውንዶቹ ስለሆኑ ያንተን 30 እዚያ አትለውጠውም። ፕሮፔን የሚሸጥ ድርጅት ጋ ወስደህ አስመርምረው፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሳይሆን አሁን።

በመጨረሻ መንገዱ። ስትነዳ ሲሊንደሮቹ ይዘጉ። ፍሪጁ ቀዝቅዞ ካደረና ልጆቹ ደጋግመው ካልከፈቱት ኬፕ ሜይ እስክትደርስ ምንም አይሆንም። ግን በ95 አውራ ጎዳና ዝም ብለህ ወደ ባልቲሞር አትንዳ። የፎርት ማክሄንሪ ዋሻም ሆነ የሐርበር ዋሻው በአንድ ሲሊንደር ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን የያዘ መኪና አያሳልፉም፤ ያንተ እያንዳንዳቸው 30 ናቸው። ድሮ ካምፐር የሚጎትት ሰው በኪ ብሪጅ ይሻገር ነበር። እሱን ማርች 2024 ላይ መርከብ መትቶ ጣለው። አሁን ከተማውን የሚከበውን 695 በምዕራብ በኩል ዞረህ ከከተማው በላይ 95ን ትይዛለህ። በቤይ ብሪጅ ተሻግሮ በ301 ወደ ደላዌር መውጣትም ይቻላል፤ እኔ ግን እዚያ ድልድይ ላይ ንፋስ ባለበት ቀን 24 ጫማ ካምፐር ጎትቼ ያላብኩትን ላብ ሳውና ውስጥም አላየሁት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመዋል? አሌክሳንድሪያ ነው ያለሁት። ለልጅ ልጄ ክርስትና የስድስት ዶሮ ወጥ የምሠራው ጋራዥ ውስጥ፣ በትልቁ የጋዝ ምድጃ ነው። የጋራዡን በር ግማሽ እከፍተዋለሁ። ምራቴ አይሆንም አለችኝ። ጎማው አዲስ ነው፤ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እትዬ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ምራትዎ ልክ ናት። ጎማው ቢታደስም ሌላ ሁለት ነገር አለ። ቁሌት እንደሚያውቁት የሰዓታት ሥራ ነው፤ ያ ትልቅ ምድጃ ያን ሁሉ ጊዜ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ እሱ ደግሞ እንደ ፕሮፔኑ ሽታ አይጨመርበትም። ግማሽ የተከፈተ በር አያስወጣውም፤ ከጋራዡ ወደ ቤት የሚገባው በር ሥር ሾልኮም ሕፃኑ የተኛበት ክፍል ሊደርስ ይችላል። ጋዙ ራሱ ቢፈስ ደግሞ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፤ የውኃ ማሞቂያዎ ጋራዥ ውስጥ ካለና በጋዝ የሚሠራ ከሆነ እሳቱ እታች ይጠብቀዋል።

ውጭ ያውጡት። ከግድግዳውና ከአጥሩ ራቅ፣ መሬቱ ደልዳላ፣ ሲሊንደሩ ጎማው እስከሚፈቅድ ድረስ ከእሳቱ የራቀ። ጎማው የምድጃውን እግር እንዳይነካ፣ ሰው በሚመላለስበት በኩልም እንዳይዘረጋ፤ ድስት የያዘ ሰው እግሩ ሥር አያይም። ዝናብ ከመጣ ድንኳኑን አራቱንም ጎን ክፍት አድርገው ይትከሉት። ወይም ሽንኩርቱን ከዋዜማው ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ያቁሉትና ዶሮውን ብቻ ጠዋት ውጭ ይጨምሩ። ለምራትዎም የማማሰሉን ሥራ ይስጧት።